ቀለብ ወይስ ድርሻ?

ባለፈው መስቀል እምድብር አጠገብ በአንድ ዘመድ ቤት ተሰብስበን ክትፎ እየበላን ነበር። ወሬው ከአሜሪካ መጣ። የመንደሩ ልጅ የሆነ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ሰው ከሚስቱ ሲፋታ ዳኛው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን የቀድሞ ሚስቱንም በየወሩ እንዲረዳ ፈረደበት ተባለ። «አሊሞኒ ይሉታል» አለ ወሬውን ያመጣው ወጣት። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የጎረሱትን ዋጥ አድርገው፣ «ከፈታት በኋላም ይቀልባታል? ታዲያ ምኑን ፈታት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን በጓዳው በር ላይ ቆጮ እየቆረሱ የሚያቀርቡልን ሴት እንዳልሳቁ አየሁ። ቤቱ የወንድማቸው ነው። እሳቸው ደግሞ እኔን ያሳደጉኝ አጎቴ የቀድሞ ሚስት ናቸው። እኔ እቴቴ እላቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የዚያን ቀን ዝምታቸው ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን የአዛውንቱን ጥያቄ ልያዝ። ባልና ሚስት ከተለያዩ በኋላ አንዱ ለሌላው ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ዕዳው ምን ይባላል?

በአማርኛችን ለዚህ የሚቀርበው ቃል «ቀለብ» ነው። ቃሉ ብዙ ቤት ይገባል። ለወታደር ቀለብ ይሰፈርለታል። የቤት ሠራተኛ ቀለቧን ችለው ይቀጥሯታል። በቅሎም ቀለብ አላት። በፍርድ ቤት ቋንቋ ደግሞ «ቀለብ ይቆረጥልኝ» የምትል እናት በየችሎቱ አለች። ከእነዚህ ሁሉ አጠቃቀሞች ውስጥ አንድ ነገር አይለወጥም፤ ሰፋሪው ባለጎተራ ነው፣ ተሰፋሪው ጥገኛ ነው። ቀለብተኛ ሰው አመስጋኝ እንጂ ጠያቂ አይሆንም።

የፈረንጁም ቃል ከዚህ አይርቅም። አሊሞኒ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «መመገብ» ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1857 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጋብቻን ጉዳይ የሚያዩት የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ። እነዚህ ፍርድ ቤቶች የተጣሉትን ባልና ሚስት «ከመኝታና ከማዕድ» ይለዩዋቸው ነበር እንጂ የጸናውን ጋብቻ አያፈርሱትም። ጋብቻው ካልፈረሰ የባልም የመመገብ ግዴታ አይፈርስም። ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን ሴት ስታገባ ንብረቷ በአብዛኛው ወደ ባሏ እጅ ይገባ ስለነበር፣ ባዶ እጇን የወጣችውን ሴት መመገብ ለባልየው የቸርነት ጉዳይ አልነበረም፤ የወሰደውን በጥቂት በጥቂቱ መመለስ ነበር ማለት ይቻላል። እንግዲህ የእምድብሩ አዛውንት «ምኑን ፈታት?» ያሉት በቀልድ ቢሆንም የታሪኩን እምብርት ነክተውታል። አሊሞኒ የተወለደው ባልተፈታ ጋብቻ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደዚያው ወደ ተቀመጥንበት መንደር ልመለስ። በቸሃ ምድር የፍቺ ነገር ሲነሣ ሳትጠራ የማትታለፍ አንዲት ሴት አለች። የቃቄ ውርድወት ትባላለች፤ የቃቄ ልጅ ውርድወት ማለት ነው። የኖረችው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ታሪኳ ለብዙ ጊዜ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በእኛ ዘመን ወደ ቴአትር መድረክ ወጥቷል፤ ደራሲ እንዳለጌታ ከበደም «እምቢታ» በተሰኘ መጽሐፉ ተርኮታል።

የውርድወት ክርክር የተሰማው በየጆካ ነበር። የጆካ ቸሃን፣ እዣን፣ እነሞርንና ሌሎቹን ቤቶች የሚያስተሳስር የሰባት ቤት ጉራጌ የበላይ ሸንጎ ነው። በየመንደሩና በየጎሣው ያልተቋጨ ነገር በመጨረሻ የሚደርሰው እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚዳኙበት ባህላዊ ሕግ ቂጫ ይባላል። ቂጫ ፖሊስም እስር ቤትም የለውም፤ ኃይሉ መሐላና እርግማን፣ ከዚያም ካለፈ ሰውን ከሰው መለየት ነው። በከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ቅጣት ይመስል ይሆናል። እሳት የሚያጭርለት፣ ሬሳ የሚያነሣለት ጎረቤት ያጣ ገበሬ ግን ከእስር ይልቅ ይህን ይፈራል።

በዚያ ሥርዓት ባል የፈለገውን ያህል ሚስት ማግባት፣ ያልፈለጋትንም መፍታት ይችል ነበር። ሚስት ግን በራሷ ፈቃድ መፍታት አትችልም። ጥላ ብትወጣ እንኳ አንቂት የሚባለው እርግማን ይከተላታል፤ ባሏ በአንደበቱ ካልለቀቃት በስተቀር ሌላ ሰው ሊያገባት አይደፍርም። አካሏ ከቤቱ ቢወጣም ስሟ እዚያው ታስሮ ይቀራል ማለት ነው። ውርድወት የተነሣችው በዚህ ላይ ነበር። ባሏ ሌሎች ሚስቶችን ደርቦ ማግባቱን አልቀበልም አለች፤ ሌሎች ሴቶችንም አስተባብራ ወንዶች ብቻ በሚናገሩበት ሸንጎ ፊት ቆመች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በሚሠራበት አገር ወንድ ወኪል ሳትይዝ ራሷ ተናገረች። ወንድ ብዙ ሴት የሚያገባ ከሆነ ሴትስ ለምን አትፈታም፣ የወደደችውንስ ለምን አታገባም የሚል ነበር የሙግቷ ፍሬ ነገር። ለራሷ መለቀቅን አገኘች ይባላል። ለሌሎቹ ሴቶች ሁሉ የሚሆን ሕግ ግን በዚያን ጊዜ አልወጣም።

እዚህ ላይ አንባቢን የማሳስበው ነገር አለ። ከውርድወት ትግል ውስጥ ዘወትር የሚነገረው የመለቀቅ ጥያቄ ነው። ለመለቀቅ የቻለች ሴት ምን ይዛ ትወጣለች የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ግን ብዙም አይነሣም። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደው ሁለተኛው ይመስለኛል።

ይህን ለመረዳት የእንሰትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎታል። እንሰት እንደ ጤፍ ዛሬ ተዘርቶ በመንፈቅ የሚታጨድ አይደለም። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፣ ፍግ እየጠጣ፣ ለመብላት እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ጉድጓዱን መቆፈርና ተክሉን ማዛወር የወንድ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በሴት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ፍጉን ከከብቶቹ ማደሪያ አውጥታ ወደ ጓሮ የምትሸከመው ሴት ናት። የደረሰውን እንሰት በጣውላ ላይ አጋድማ የምትፍቀው፣ ሥሩን የምትከተክተው፣ የምትጨምቀው፣ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብራ እስኪብላላ የምትጠብቀው እሷ ናት። ቆጮው፣ ቡላው፣ ለገበያ የሚወጣው ቃጫ ሁሉ ከእጇ ይወጣል። ሆኖም መሬቱ የባል ነው፤ ከአባቱ ወርሶታል፤ ለወንድ ልጁም ያወርሰዋል። ስለዚህ ሚስት በሄደች ቀን የሃያ ዓመት ድካሟ ሥር ይዞ በሰው ጓሮ ቆሞ ይቀራል። ላም ትነዳለች፤ እንሰት ግን አይነዳም።

በሰሜኑና በመካከሉ የአገራችን ክፍል የነበረው ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። የቁርባን ጋብቻ እስከ ሞት ስለሆነ ፍቺ አይታሰብበትም። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ግን ሲለያዩ በሽማግሌ ፊት ያፈሩትን እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ሴቲቱም ብትሆን «በቃኝ» ማለት ትችላለች። በደመወዝ የተቀመጠች ሴት ደግሞ የተዋዋለችውን ክፍያ ተቀብላ ትሄዳለች እንጂ ከንብረቱ አትካፈልም። ልዩነቱን ልብ ይሏል። አንዷ የወጣችው ድርሻዋን ይዛ ነው፤ ሌላዋ የወጣችው ደመወዟን ይዛ ነው። የቸሃዋ ሚስት ግን እንደ ሰማንያዋ ሙሉ ሚስት ሆና ኖራ፣ ስትወጣ የደመወዟን ያህል እንኳ ላታገኝ ትችላለች።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ነገር ውስጥ ሰፋ አድርጎ እጁን ያስገባው በ1952 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚያ ዓመት ታወጀ። ሕጉ በመጨረሻው ገጾቹ ላይ፣ እሱ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ የቀድሞው ልማድ መሻሩን ተናገረ። በወረቀት ላይ ቂጫም ሰማንያም በአንድ ቀን ተሻሩ ማለት ነው። ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ቢሾምም ሚስትም ፍቺ መጠየቅ እንድትችል ፈቀደ። ፍቺውን እንዲያዩ የተመረጡት ግን የዘመድ ዳኞች ነበሩ፤ እነሱም የሚመረጡት ባልና ሚስቱን ካጋቡት ምስክሮችና ከዘመድ ወዳጅ ነው። ሕጉ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ዝሙት የፈጸመው ማን ነው? ቤቱን ጥሎ የሄደው ማን ነው? ከባድ ምክንያት ሳይኖር ፍቺ የጠየቀውስ ማን ነው? ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረቱ ይቀጣል። እንግዲህ የዱላ ምልክቷን ለማንም ሳታሳይ የኖረች፣ አንድ ቀን ግን መረራት ብላ የወጣች ሴት «ያለ ምክንያት ፈታች» ተብላ ድርሻዋ ሊጎድልባት ይችል ነበር። በዚያ ሕግ ንብረት የሥራ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ የጠባይ ሽልማትም ነበር።

ይህ የተለወጠው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወንዶችና ሴቶች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከዘመድ ዳኞች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። የባልን ራስነትም አስቀረ። ያኔ ቸሃን ጨምሮ የጉራጌን ምድር ያስተዳድር የነበረው የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

በአዲሱ ሕግ የአሊሞኒ ነገር እንዴት ሆነ? እንደ ዋሽንግተኑ ታክሲ ነጂ ከፍቺ በኋላ ለዓመታት የቀድሞ ሚስትን መቀለብ በሕጋችን አልገባም። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ነገሩ እስኪወሰን ድረስ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጣል። ከቤት የሚወጣው አንዱ ከሆነም በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል። ፍቺው ሲጸና የልጆቹ ቀለብ ይቀጥላል፤ የባልና የሚስቱ ግን ያበቃል። ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ወገን ከሆነና ፍትሕ ካስገደደ ዳኛው ለተጎዳው ካሣ ሊያስከፍል ይችላል። ዋናው መልስ ግን ሌላ ነው። በጋብቻ ዘመን በሁለቱም ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። የአንዱ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከፍቺ በኋላም እኩል ይከፈላል።

በአጭሩ ሕጋችን «እስክትሞት ቀልባት» አላለም፤ «ግማሹን ስጣትና ሂድ» አለ። የሰማንያው ልማድ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ በጣም ደስ አለኝ። ቀለብ ከሚሉት ቃል ድርሻ የሚለው ይበልጥ ይከበራል። ግን ደስታዬ አልቆየም። ድርሻ የሚከፈለው የሚታየውና የሚቆጠረው ነው። ያልተቆጠረውስ?

አሁን ወደ እቴቴ ልመለስ።

አጎቴ በወጣትነታቸው እንደ ብዙው የአገራቸው ሰው አዲስ አበባ ገቡ። መርካቶ ውስጥ በመጀመሪያ ተሸክመው፣ ቀጥሎ መደብ ዘርግተው፣ በመጨረሻም ሱቅ ከፍተው ሠሩ። ታታሪነታቸውን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። በወጣትነታቸው ያገቧቸው እቴቴ ግን አገር ቤት ቀሩ። እንሰቱን ጠበቁ፤ አማቶቻቸውን ጦሩ፤ ቀበሩም። አጎቴ ሱቁን የከፈቱበት የመጀመሪያው ገንዘብ እቴቴ ከውጆ፣ ማለትም ሴቶች በየተራ ከሚጥሉት የቅቤ ዕቁብ፣ ያወጡትን ቅቤና ሁለት በሬ ሸጠው የላኩት ነበር። በየወሩ በማዳበሪያ ከረጢት ቆጮ ይላክልን ነበር። መርካቶ ያለነው እኛ የምግብ ወጪ ሳይነካን ሱቁ አደገ። እኔ ከአገር ቤት መጥቼ ከአጎቴ ቤት አድጌ ተማርኩ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬንም የያዝኩት በዚያ ሱቅ ገንዘብ ነው።

አጎቴ በመካከሉ አዲስ አበባ ሁለተኛ ሚስት አገቡ። ነገሩን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራውም። በየመስቀሉ አገር ቤት ሲመጡ እቴቴ ክትፎውን አዘጋጅተው ይቀበሏቸዋል። በ1998 ዓ.ም. መስቀል ግን እቴቴ «በቃኝ» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ የዋሉት በአገሬው ቋንቋ ነው። ወረቀቱ ግን በአማርኛ መጻፍ ነበረበት። የ16 ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል ተባልኩና ብዕር ተሰጠኝ።

አዎን፣ ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ለሚስት አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ የማጀት ዕቃዋ፣ ሁለት ጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ። ከዚያም፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንዱ በአንዱ ላይ ማናቸውንም የንብረት ጥያቄ አያነሣም» የሚል ዐረፍተ ነገር። ይህችን ዐረፍተ ነገር የነገረኝ ማን እንደነበር አላስታውስም፤ ስጽፋት ግን እንዳማረችኝ አስታውሳለሁ። እቴቴ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። የመርካቶው ሱቅ በዚያ ወረቀት ላይ አልተጠቀሰም። እኔም አላስታወስኩም።

ሽማግሌዎቹን ለመኮነን አይደለም የምጽፈው። ከፍርድ ቤት ምልልስ በፊት ነገሩን በሰላም ቋጭተዋል፤ ገንዘብ አልጠየቁም፤ በዚያች ምሽት ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው በሉ። እቴቴንም መርቀው፣ ለቀው፣ ነጻ አድርገው ሸኟቸው። ውርድወት ስትሟገትለት የኖረችውን መለቀቅ እቴቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ።

ፍርድ ቤት ሄደው ቢሆንስ? የ1992ቱም የ1996ቱም ሕግ ያኔ ወጥተው ነበር። አንድ ጠበቃ ወዳጄን ስጠይቀው፣ ሱቁ በጋብቻ ዘመን ስለተቋቋመ የጋራ እንደሆነ ይገመት እንደነበር ነገረኝ። ወዲያው ግን ሌላውን ነገር አነሣ። ሁለተኛይቱም ሚስት በሱቁ ውስጥ ቆመው ሸጠዋል፤ እሳቸውም ልጅ አሳድገዋል፤ ድርሻ አላቸው። ደግሞም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 በሰጠው ውሳኔ፣ ባልና ሚስት ተለያይተው ለረጅም ጊዜ የየራሳቸውን ሕይወት ከኖሩ የፍቺ ውሳኔ ባይሰጥም ጋብቻው ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ገልጿል። ይህ ውሳኔ ለአንዳንዱ እውነት ነው። ለዓመታት ተረስቶ የኖረ ሰው ንብረት ሲመጣ ድንገት «ሚስቱ ነኝ» ወይም «ባሏ ነኝ» ብሎ እንዳይነሣ ይከላከላል። ግን አገር ቤት ተቀምጣ እንሰት የምትጠብቅ ሚስት «ተለያይታ ኖራለች» ትባላለች ወይስ «ለቤቱ ስትሠራ ኖራለች»? በየወሩ የሚጫን የቆጮ ከረጢት ካለ መለያየት አለ ማለት ይቻላልን?

ሕገ መንግሥቱ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን አይከለክልም። በቡታጅራና በአካባቢው ያሉ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችም ጉዳያቸውን የሚያቀርቡት በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ለተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ነው። በዚያ ሥርዓት የተፈታች ሴት በዒዳዋ ጊዜ ነፈቃ ይገባታል፤ ያልተከፈለ መህርም ካላት ትጠይቃለች። የጊዜው ወሰን አጭር ቢሆንም ቢያንስ የመጠየቂያ ስም አለው። ነገሩ ሁሉ የቆመው ግን «በፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የወንድሟን ቤት ደጃፍ እንጂ ሌላ መጠጊያ የሌላት፣ የተጻፈውን ማንበብ የማትችል ሴት ጣቷን ስትነክር ያ ፈቃድ ነውን? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዞ ነበር። የእቴቴ ወረቀት የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ይህን አዋጅ የጠቀሰ አልነበረም።

አጎቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁ በልጆቻቸው እጅ ነው።

የመስቀሉ ሳቅ ካለፈ በኋላ፣ እንግዶቹ ሲበተኑ፣ እቴቴ ወዳሉበት ጓዳ ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጠየቅኋቸውን ጠየቅኳቸው።

«እቴቴ፣ ያኔ ፍርድ ቤት ሄደው ቢሆን እኮ ነገሩ እስኪያልቅ ቀለብ ይቆረጥልዎ ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ያን ጊዜ ሳቁ። ቅድም ያልሳቁትን አሁን ሳቁት።

«ቀለብ? ለእኔ? ልጄ፣ ቀላቢዋማ እኔ ነበርኩ። እናንተ መርካቶ ሆናችሁ ማን ይቀልባችሁ ነበር?»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነበር?»

ትንሽ ዝም አሉ። በእጃቸው የያዙትን ቢላ በቅጠል ጠርገው አስቀመጡት።

«እንዲቆጥሩልኝ ነበር። ስንት እንሰት እንደ ፋቅሁ፣ ስንት ቅቤ እንደ ላክሁ። ባይሰጡኝም ይቁጠሩት። ሽማግሌዎቹ ላሟን ቆጠሩ፣ ጥጃዋን ቆጠሩ፣ ድስቱን ቆጠሩ። አንተም ጻፍክ።»

«አንተም ጻፍክ» ያሉት ያለ ቁጣ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አንባቢ ሆይ፣ በከተማችን በየቀኑ ባልና ሚስት ይፋታሉ። የሚበዛው ወሬ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ነው። ጠበቃው ቤቱን፣ መኪናውን፣ የባንክ ደብተሩን ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን ትምህርቱን ሲጨርስ ማን ቤቱን ይዞ ቆየ? ሱቁ ሲከፈት የማን ቅቤ ተሸጠ? ሥራዋን ትታ ልጅ ያሳደገችው ሚስት ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ የት ደረጃ ላይ ትጀምራለች? ግማሽ በግማሽ የሚለው ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ ግማሹ የሚወጣበት ሙሉ ግን በትክክል ካልተቆጠረ ግማሹም ትክክል አይሆንም። ምንም የሚካፈል ንብረት በሌለበት ቤትማ እኩል መካፈል ማለት ባዶን ለሁለት መክፈል ነው። በዚያን ጊዜ የዋሽንግተኑ ዳኛ ፍርድ እንደሚመስለው የሚያስቅ አይሆንም። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን አንድ ቀን ሊያስቡበት ይገባል እላለሁ። ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ መምረቅና መልቀቅ ብቻ ሳይሆን መቁጠርን ቢጨምሩበት ቂጫው አይፈርስም፤ ይከብራል እንጂ። የጆካ አንዲት ሴትን ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ቆሞ ከሰማ፣ ዛሬ ይህን መስማት አያቅተውም።

ስነሣ እቴቴ እንደ ልማዳቸው ለመንገድ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ድሮ ሲሰጡኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እቀበል ነበር። ያን ዕለት ግን ጥቅሉን ይዤ ቆምኩና አፌ ተሳሰረ። አዲስ አበባ እንደ ገባሁ ደብተር ገዛሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ውጆ፣ ሁለት በሬ፣ በየወሩ አንድ ከረጢት ቆጮ ብዬ ጀመርኩ። ሒሳቡን ለአጎቴ ልጆች አሳያቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የመጀመሪያው ተበዳሪ ግን እኔ ስለሆንኩ ስሜን ከላይ ጽፌዋለሁ።